አሸዋ ውስጥ ያደረ ብልቃጥ

እናናየሁ የልጇን ጣት ጫን አድርጋ ይዛ የደም ጠብታዋን ወደ ስኳር መለኪያው አስጠጋች። መለኪያው ጮኸና ጸጥ አለ። ቁጥር ግን አልወጣም፤ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ብቻ ተገትረው ቀሩ። እናናየሁ በማታው የጎልማሶች ትምህርት ቁጥር ጠንቅቃ አውቃለች፤ የአማርኛውንም ፊደል ወደ መጨረሱ ነች። የፈረንጁ ላይ ገና አልደረሰችም።

"ባትሪው ደክሞ ይሆናል" አለች ለራሷ።

አምስት ዓመት ያልሞላት ማስተዋል የተወጋ ጣቷን እየጠባች "ውሃ" አለች።

"አሁን ጠጣሽ እኮ፣ የኔ እናት።"

"ሌላ ውሃ።"

ሰሞኑን እንዲህ ናት። ትጠጣለች፣ ትሸናለች፣ ደግሞ ትጠጣለች። እናቷ መርፌውን አንድም ቀን አላጓደለችባትም፤ ልጅቱ ግን እንደ ሻማ እያለቀች ሄደች። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ዳገት እንደወጣ ሰው ትንፋሿን ከሆዷ ትስባለች። አፏ የከረመ ፍሬ ይሸታል።

አማቷ እማማ ፍቅርተማርያም ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆሙ።

"ተነሺ እንጂ፣ መኪናው ሞልቶ ይሄድብናል። መርፌው እንደሆነ በቃኝ ብሏል። የቀረን የአንኮበሩ ጸበል ነው።"

"ሆስፒታል ብናሳያት አይሻልም፣ እማማ?"

"ከተወለደች ጀምሮ አሳየሻት። ምን አሉሽ? ሆድሽ ውስጥ ሳለች ነው የተበላሸችው አሉሽ። እኔስ ምን ብዬ ነበር? እርጉዝ ሆነሽ በቀትር ወንዝ አትሻገሪ አላልኩሽም?"

እናናየሁ ማዘያዋን አነሳች። ይህን ነገር ስትሰማ ኖራለች። ባሏ ባየው ለሥራ አረርቲ ወርዷል፤ ማታ በስልክ "እማዬ እንዳለችው ይሁን" ብሎ ዘግቷል።

ልጇን አዝላ ወደ ጓሮ ዞረች። ከግድግዳው ሥር እርጥብ አሸዋ የሞላ ማሰሮ አለ፤ ኢንሱሊኑ የሚያድረው እዚያ ነው። ጓሮው በውርጭ ነጥቷል። አሸዋው ጠጥሮ ድንጋይ ሆኖ ጣቷን አላስገባ ስላለ በማንኪያ ፈልቅቃ ብልቃጡን አወጣችና ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። አማቷ ጸበልና መርፌ አብረው አይሄዱም ብለዋታልና አላሳየቻቸውም።

ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ የልጅቱ ትኩስ ትንፋሽ ማጅራቷን እየመታት፣ የልጅቱ ሐኪም ዶክተር ዘርአ ዳዊት ቀደም ሲል ሆስፒታል ያላትን ታስብ ነበር። ያን ቀን ወረፋ ስትጠብቅ ሙዳይ ትሰፋ ነበር፤ ገና መነሻው ላይ ነበረች። ዶክተሩ ሙዳዩን ተቀብሏት እያገላበጠ ነው ያስረዳት።

"ሰውነታችን ሴል ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ቆሽትም ሲጀመር የሴል ክምር ነው። እያንዳንዷ ሴል መጀመሪያ ፊቷንና ጀርባዋን ትለያለች። ከዚያ ፊት ለፊት ይዞሩና በመሀላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ ከክፍተት ሲገናኝ ቧንቧ ይሆናል፤ ቧንቧውም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል። ኢንሱሊን የሚሠሩት ሴሎች ከዚያ ከቧንቧው ግድግዳ ተላቀው የሚወጡ ናቸው።"

"የማስተዋልስ?"

"የእሷዎቹ ፊትና ጀርባቸውን በደንብ አልለዩም። አብዛኛው ክምር ሆኖ ቀረ። ቧንቧው ከሌለ ኢንሱሊን ሠሪዎቹ ከየት ይውጡ?"

እናናየሁ ሙዳዩን አየችው። ውስጥና ውጩ ከመነሻው ካልተለየ ስፌት አይጎደጉድም፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

"ወንዝ ስለተሻገርኩ ነው?"

"አይደለም። ከአንቺም ከአባቷም የወረሰችው ነው፤ ማናችሁም ያጠፋችሁት የለም። ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የዚህች ልጅ ቆሽት መርፌው ነው። እንዳታስቆሚባት።"

ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደረሱ። እማማ ፍቅርተማርያም ጀሪካናቸውን ይዘው ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ከኋላ አንዲት ሴት ተጠግታ ቦታ ለቀቀች።

"እናኒ፣ ነይ እዚህ።"

ሰሊሃ ናት፣ የአልዩ አምባዋ ነጋዴ። ልጇ አብዱልሀፊዝም በመርፌ ነው የሚኖረው፤ የተዋወቁት ሆስፒታል ወረፋ ላይ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንዲያስቀምጥ በቅርቡ የመከረቻትም እሷ ናት።

መኪናው ተነሳ። ሰሊሃ ጆሮዋን ወደ ልጅቱ አፍ አስጠጋች።

"ትንፋሿ ምን ሆኗል? ስኳሯን ለካሽው?"

"ባትሪው አልቋል። ሁለት የፈረንጅ ፊደል ብቻ አወጣ።"

ሰሊሃ ቀና አለች። "ባትሪ አይደለም፣ እናኒ። ስኳሯ መለኪያው ከሚቆጥረው በላይ ሆኗል ማለት ነው። የእኔው ልጅ እንዲህ ብሎብኝ ነው ራሱን የሳተው። መርፌ አቋርጠሽ ነበር?"

"ኧረ አንድም ቀን።"

"መድኃኒቱን የት ነው የምታስቀምጪው?"

"አንቺ ባልሽኝ ነዋ። አሸዋ ውስጥ፣ ጓሮ።"

"ደጅ ያድራል?"

"ደጅ።"

ሰሊሃ በመስኮቱ አሻግራ አየች። ፀሐይ ያልደረሰበት ሜዳ ገና ነጭ ነው። እጇን ዘረጋች፤ እናናየሁ ብልቃጡን ከደረቷ አውጥታ ሰጠቻት። ሰሊሃ ወደ ብርሃኑ ይዛ አገላበጠችው። ውስጡ ነጭ ፍርፋሪ ተጣብቋል።

"የእኛ አገር ቆላ ነው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አሸዋው ሙቀት እንዳይገድለው ነው። እዚህ ደግሞ ውርጩ ገድሎታል። በረዶ ከሆነ በኋላ ቢሟሟም አይሠራም፤ እንዲያው ውሃ ስትወጊያት ነው የከረምሽው። ያ አላህ፣ እኔው ነኝ ያሳሳትኩሽ።"

እናናየሁ ጉልበቷ ላይ ያለውን የልጇን ጭንቅላት አየች። ማስተዋል ውሃ መጠየቁን ትታለች። ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ የትም አያይም።

"ወራጅ አለ" አለች እናናየሁ።

"ገና ሳንሞቅ?" አለ ረዳቱ። "አንኮበር እዚህ ነው እንዴ፣ እናት?"

እማማ ፍቅርተማርያም ዞሩ። "ምን ልትሆኚ ነው የምትወርጂው?"

"ሆስፒታል ልወስዳት ነው፣ እማማ። ስትድን ጸበሉን አብረን እንሄዳለን።"

መኪናው ጥግ ያዘ። ሰሊሃ ብልቃጡን መልሳ እጇ ላይ እያስቀመጠች በጆሮዋ አንሾካሾከች፤ "ይኸን ጣይው። መርፌው አልሠራ አለ ብቻ በያቸው። አማትሽ ከሰሙ ዕድሜሽን ሙሉ ያነሱብሻል።"

እናናየሁ ብልቃጡን ጨበጠችውና ወረደች፤ አማቷም እያጉረመረሙ ተከተሏት። ባጃጅ ውስጥ ሆና ከመንገዱ ዳር ያለውን ቦይ ሁሉ አየች። አልጣለችውም። አማቷ አጠገቧ ጀሪካናቸውን አቅፈው ይጸልዩ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርሶቹ የማስተዋልን ክንድ ይዘው ደም ሥር ይፈልጋሉ። ዶክተር ዘርአ ዳዊት ከልጅቱ ደረት ላይ ቀና አለ።

"አሁን እዚህ ያለውን መድኃኒት እንጀምርላታለን። መርፌሽ ስኳሩን ያላወረደው መጠኑ ቢያንሳት ይሆናል፤ ስትወጣ እጥፍ ማድረግ ሳይኖርብን አይቀርም። የተጓደለ ነገር አለ?"

እናናየሁ አፏን ሳትከፍት እማማ ፍቅርተማርያም ቀደሟት። "እሷ አጓድላ አታውቅም" አሉ። "ይህንን እንኳ አልክድም። ሌሊት ተነስታ ስታያት ነው የምታድረው። እንደ እሷ ያለች እናት የለችም።"

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከአማቷ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም። እናናየሁ ብልቃጡን በቡጢዋ ውስጥ ጠበቅ አደረገችው። የበዛ መርፌ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ ማስተዋል አንድ ጊዜ ስኳሯ ወርዶ እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፋባታለች። የሞተው መድኃኒት እጥፍ ቢሆን ያው ውሃ ነው። ሕያው የሆነው አዲሱ እጥፍ ቢሆንስ?

ቡጢዋን ፈታችና ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ፣ አማቷም ዶክተሩም በሚያዩት ቦታ አስቀመጠችው።

"ውርጭ መትቶታል" አለች። "ደጅ ያሳደርኩት እኔ ነኝ።"