ኔትወርክ በጠመኔ

ልብስ ሰፊው አዲስ ስልክ ልግዛ ብሎ ከተነሳ ሳምንት ሆነው። በዚያ ሳምንት ያልገባበት የስልክ ሱቅ፣ ያላገላበጠው ስልክ የለም። ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት መሳቅ ጀምረዋል። ጉዳዩ ግን የዋዛ አልነበረም። የእሱና የሚስቱ አንድያ ልጅ በሩቅ አገር ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። የመጀመሪያው የልጅ ልጅ ሲወለድ፣ በዚያ አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ «ተገላገልኩ» የሚል ድምፅ ብቻ ሰምተው ቀሩ። መልኩን በፎቶ ሲያዩት አራት ጥርስ አብቅሎ ነበር። ይህ ነገር እሱንም ሚስቱንም እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። የአሁኑን ሕፃን ግን በተወለደበት ዕለት፣ ዓይኑ ሳይገለጥ ማየት አለባቸው። ሌላ ምንም አልፈለጉም።

የማዕዘኑ ሱቅ ሻጭ ደግሞ አፏ ቅቤ ነው።

«አባባ፣ ይሄኛው ሦስት ካሜራ አለው!»

«ልጄ፣ ያሉኝ ዓይኖች ሁለት ናቸው። ሦስተኛውን ማን ሊያይልኝ ነው?»

«ስክሪኑስ? ስፋቱን ይዩት እንጂ!»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ስልኩን ለካ፤ ቀጥሎ የሸሚዙን ኪስ ለካ። «ሁለት ሳንቲሜትር ይተርፈዋል። ጎንበስ ስል መሬት ነው» አለ። በመጨረሻ ቀልቡ ያረፈው በመካከለኛዋ ስልክ ላይ ነው። ባትሪዋ ከጠዋት እስከ ማታ የምትዘልቅ፣ ካሜራዋ ደህና፣ ኪስ ውስጥ ልክክ የምትል ናት።

ስልኳስ ተገኘች፤ መከራው ኔትወርኩ ነው። በከተማው ሁለት የስልክ ኩባንያዎች አሉ። አንደኛው «የእኛ ኔትወርክ የማይደርስበት የለም» ሲል፣ ሌላኛውም ቃል ሳይቀንስ ያንኑ ይላል። የባልና ሚስቱ መስፊያ ቤት ደግሞ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ምድር ቤት ነው። በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚውሉት እዚያ ነውና፣ ልጅቱ ስትደውል ኔትወርክ ከሌለ ስልኩ ምን ዋጋ አለው?

ልብስ ሰፊው በወሬ ልብስ ሰፍቶ አያውቅም፤ ለክቶ እንጂ። ስለዚህ ከላይ ካለው ጸጉር አስተካካይ አንድ ስልክ፣ ከጎን ካለው ዳቦ ጋጋሪ አንድ ስልክ ተዋሰ። አንዱ የአንደኛው ኩባንያ ደንበኛ ነው፣ ሌላው የሌላኛው። ሚስቱ ክርና ቁልፍ ልትገዛ ወጥታ ነበር። እሱ ስልኮቹን በየተራ ይዞ ክፍሉን ዞረ። ለጸጉር አስተካካዩ ነጭ ጠመኔ፣ ለዳቦ ጋጋሪው ሰማያዊ ጠመኔ መደበ። የጸጉር አስተካካዩ ኔትወርክ በሩ ሥር ብቅ አለና ጠፋ። የዳቦ ጋጋሪው ግን በመስኮቱ ገብቶ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተንጣለለ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ዳኛ ካፖርት እንዲሰፋላቸው ያመጡት ጨርቅ ተዘርግቷል። «ጠመኔው በብሩሽ ሲመታ ይለቅ የለ» አለና ኔትወርኩ ሙሉ የሚሆንበትን ቦታ ዙሪያውን በሰማያዊ አሰመረ። ከዚያ የሰው ስልክ ሊመልስ፣ በዚያው የራሱን ሊገዛ እያፏጨ ወጣ።

እዚህ ላይ የቤቱን ደንብ መናገር ያስፈልጋል። እሱ ይለካል፣ ያሰምራል፤ ሚስቱ ትቆርጣለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ያረፈበትን ስትቆርጥ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሰፈሩም የሚጠራት «ቆራጧ» እያለ ነው።

ልብስ ሰፊው አዲሱን ስልክ በኪሱ ይዞ ሲመለስ፣ ቆራጧ ድንች የመሰለ ቁራጭ ጨርቅ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ እያገላበጠች ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ዳኛዋ እንዲህ ናቸው እንዴ? እጅጌያቸው በየት በኩል ነው የሚወጣው?»

ልብስ ሰፊው ክው አለ። «እሱ እኮ ኔትወርክ ነው!»

«ምን?»

«ኔትወርክ ነው! የዳቦ ጋጋሪውን ኔትወርክ ቆረጥሽው!»

ቆራጧ አንዴ ጨርቁን፣ አንዴ ባሏን አየች። ነገሩ ሲገባት ሳቋ አመለጣት፤ ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። እሱ ሊቆጣ ሞከረ፣ ግን አልሆነለትም። ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በማግስቱ ዳኛዋ ለልክ ሲመጡ ሁለቱም እንደ ተከሳሽ ጎን ለጎን ቆመው ሁሉንም ተናዘዙ። ዳኛዋ ፊታቸውን ቋጥረው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ከቀረው ጨርቅ ጃኬት ይወጣል?»

«ይወጣል! ያውም የሚያምር» አለች ቆራጧ።

«ይሁን፣ ጃኬት ይሁንልኝ። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። እኔም ስልክ ልቀይር ስል ስድስት ወር አለፈኝ። እውነቱን፣ የቱ ኔትወርክ ነው የሚሻለው?»

ይህን ሲሉ አዲሱ ስልክ ጮኸ። ልጅቱ ናት፤ ምስሉ ግን ተቆራረጠ።

«ጠረጴዛው ላይ!» አለች ቆራጧ።

ባልና ሚስት በዚያ ዕድሜያቸው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተንጠላጥለው ወጡ። ዳኛዋ መቀሱንና ካውያውን ፈጥነው ገለል አደረጉላቸው። ምስሉ ጠራ።

«አባዬ፣ የሚታየኝ ጣሪያ ነው» አለች ልጅቱ።

ስልኩን አዞረው። ልጅቱ ድክም ብሏት ትስቃለች። ክንዷ ላይ ገና ሁለት ሰዓት ያልሞላት ሴት ልጅ ተኝታለች። ዓይኗ አልተገለጠም።

ከሻጮች ሁሉ ጋር ሲከራከር የከረመው ሰው ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። የልጁን ክንድ ርዝመት በቃሉ ያውቀዋል፤ የሙሽራ ቀሚሷን የሰፋላት እሱ ነው።

«በክንድሽ ልክ አጋድሚያት እስቲ» አለ በስንት መከራ። አጋደመቻት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። «ሃምሳ አንድ ሳንቲሜትር።»

«ነርሷም ለክታ ሃምሳ አንድ ነው ያለችኝ» አለች ልጅቱ። «አባዬ፣ እዚሁ አጠገቤ ያለህ መሰለኝ።»

ልብስ ሰፊው ዳኛዋ ፊት አለቀሰ፤ አላፈረምም። ቆራጧ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው።

«አንተ ለክተሃል፤ አሁን እኔ ልያት!» አለችና ጠረጴዛው ላይ ተንበርክካ የልጅ ልጇን ልትስም ከንፈሯን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።