ከአዘዞ እስከ ጃንተከል

ከአዘዞ ከልብስ ሰፊው ከበላቸው ጋር ሩጫውን የጀመሩት ሁለት ፖሊሶች አይታዩም፤ ጠመዝማዛው ዳገት ውጧቸዋል። አለኸኝ የሚባለው ወጣት አስተማሪም ትንፋሹን እያሰማ መጥቶ በአጠገቡ አለፈ። የበላቸው እግር ተከተለው ተከተለው አለው። እሱ ግን ራሱን ገታ።

ባለፈው ማጣሪያ እንዲህ አልገታም ነበር። ያን ጊዜ እንደ ጉግስ ፈረስ ተፈትልኮ ወጥቶ፣ ዳገቱ መሃል ላይ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ከሰል ጭና የምትሄድ ሴት ውሃ አጠጥታ አነሳችው። የገበያው ሰፈር አራዳ ሲስቅበት ሰነበተ። "ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ተነስቶ የት ሊደርስ ኖሯል?" ተባለ።

በላቸው ሠላሳን የደፈነ፣ ከሲንገር መኪናው ኋላ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው። ወገቡ አላስቀምጥ ቢለው የሆስፒታሉ ድሬሰር መራመድ አዘዘለት። አንድ ማለዳ ሲራመድ ዝናብ መጣና ወደ ቤቱ ሮጠ። ደጁ ሲደርስ ግን መቆም አላሰኘውም፤ አልፎት ሄደ።

ሚስቱ ትርንጎ ስቃ ተወችው። የተቆጡት አባቷ አያ አድማሴ ናቸው። ከማክሰኝት ለገበያ በመጡ ቁጥር ይነሱበታል።

"ምነው! ልጄን ለጤነኛ የዳርኩ መስሎኝ! ምን ጎደለህና ነው እንደ በረገገ ወይፈን የምትሮጥ?"

"ደስ ይለኛል፣ አያ።"

"ላብ ደስታ ሆኖ አያውቅም!"

የሯጮቹ አሰልጣኝ አስር አለቃ የሻው ግን ከዚያ ውርደት በኋላ ሱቁ ድረስ መጥቶ ነበር።

"እግር አለህ። ሱሪ ስትሰፋም እንዲህ ትጣደፋለህ?"

"አይ፣ እንዲያማ ከሆነ ስፌቱ ይሸሻል።"

"ታዲያ ሩጫውን ምነው አበላሸኸው?"

በላቸው ክረምቱን ሙሉ ይህን እያሰበ ሮጠ። ዛሬ ከሚሮጡት ውስጥ የሚወሰዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሠልጥነው አዲስ አበባ ላይ ጠቅላይ ግዛቱን ወክለው ማራቶን ይሮጣሉ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንደኛው ፖሊስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲራመድ አገኘው።

"አይዞህ" አለው በላቸው፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ትንፋሽ እንደተረፈው አወቀ።

ከዳገቱ አናት፣ ከመንገዱ ዳር፣ አያ አድማሴ በቅሏቸው ላይ ሆነው ቆመዋል። በላቸው አንገቱን ደፋ። ስድቡን ጠበቀ።

"ምነው ቀስ አልህ!" ብለው ጮኹ። "ከፊትህ ያለው ልጅ ደክሟል፤ ትከሻው ወድቋል! ድረስበት እንጂ! የምን መሽኮርመም ነው!"

በላቸው ሳቁ አመለጠው። ከሳቁ ጋር እግሩንም ለቀቀው።

አስተማሪውን የደረሰበት ከተማው መግቢያ ላይ ነው። ጎን ለጎን አራዳን ሰነጠቁት። ሱቆቹ ባዶ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። የሳቁበት አንጥረኞችና ቸርቻሪዎች "በለው! የእኛ ሰፊ! በለው!" ይላሉ። የሩጫው ማብቂያ የሆነው የጃንተከል ዋርካ ሲታየው ደረቱ ነደደ። አለኸኝ አንድ እርምጃ ዘገየ። አንድ እርምጃ በቃው፤ በላቸው አንደኛ ከወጣው ከሌላው ፖሊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ዋርካው ስር ገብቶ አፈሩ ላይ ተዘረረ።

እልልታው መጀመሪያ የተሰማው ከትርንጎ ነው። ሕፃኑን እንዳዘለች መጥታ ተንበረከከችና በነጠላዋ ፊቱን ጠረገችው። "ደረስህ!" አለችው። አለኸኝም እጁን ይዞ አነሳው።

አስር አለቃው ትከሻውን መታ አደረገው። "ሰኞ ማለዳ ሥልጠና ይጀመራል። ማራቶን ግን ከዚህ እስከ ማክሰኝት እንደ መሮጥ ነው፤ የዛሬው ማሟሟቂያ ነው።"

"እስከ እኔ ቤት?" አሉ በበቅሎ የደረሱት አያ አድማሴ። "ሸጋ! እንግዲህ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ማኪና አያስፈልገውም!"

ሕዝቡ ሲሳሳቅ ወይዘሮ ሽታዬ ሰው እየገፉ መጡ። የበላቸው ትልቋ ደንበኛ ናቸው፤ ቤተሰባቸውን ሁሉ የሚያለብሰው እሱ ነው። እስከ ዛሬ ያሉትን ሰዓት ቀይሮባቸው አያውቅም።

"እንኳን ደስ ያለህ! በል ሰኞ ማለዳ ከፍተህ ጠብቀኝ፤ የልጄን የሠርግ ልብስ እናስለካለን።"

በላቸው ዞር ብሎ ትርንጎን አያት።

"ረፋድ ላይ ይምጡ፣ እመቤቴ" አላቸው። "ማለዳ ማለዳ ሥራ አለኝ።"