ቢጫው ማቅለሚያ

የምግብ ደኅንነት ገምጋሚዋ የአንድ ቢጫ ማቅለሚያ ፋይል ማገላበጥ ከጀመረች አሥራ አንድ ወር ሆኗታል። አምራቹ የፈቃዱን ወረቀት ሊያስፈርማት መጥቶ፣ "እህቴ፣ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ ሲበላው ኖሯል። ማን ሞተ?" አላት።

"ማን ቆጠረ?" አለችው በደከመ ድምፅ።

ከፋይሉ ጋር የቀረበው ጥናት የተሠራው በአዋቂዎች ላይ ብቻ ነበር፤ ማቅለሚያው ግን የሚገባው ከረሜላ ውስጥ ነው። "ለልጆች የማይጎዳው መጠን ተጠንቶ ይቅረብ" ብላ ጽፋ ፋይሉን መለሰችለት። ሰውየው ፊቱን አጨፍግጎ ወጣ። አለቃዋም "አንቺ ደግሞ አበዛሽው!" አላት።

ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች።

"ዛሬስ ፈረምሽ?" አሏት እናቷ።

"አልፈረምኩም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ ያደከመሽ?"

"አለመፈረሙ።"

እናቷ እግሯ ሥር ቁጭ ብለው የጫማዋን ክር ይፈቱላት ጀመር።