የመሪው ቀኝ በኩል

"ይቺ መኪና ተኝታ ነው ወይስ ሞታ?" አለ ሹፌሩ፣ ከወገቡ በላይ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ፣ እግሮቹ ግቢው ላይ ቀርተው።

"ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። የትንሹን ባትሪ ገመድም ፈትቼዋለሁ። አሁን አሥራ አምስት ደቂቃ ቁጭ ትላለህ" አለች ሚስቱ።

ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። የጭነት መኪና ሲጠፋ ያስታውቃል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ያስላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ይቺ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ መኪና ግን ስትነሳም ዝም፣ ስትጠፋም ዝም ናት። ከገዟት ሦስት ዓመት ቢሆናቸውም እስካሁን አላመናትም። ጎረቤታቸው ኤሌክትሪሺያኑ በስልክ ደጋግሞ አስጠንቅቋቸዋል፤ መሪው መሐል ግጭት ሲደርስ የሚነፋ ኤርባግ አለ፣ ኤሌክትሪኩ ሳይወጣለት ብትነካኩት ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል ብሏል። ሹፌሩ አምስት ደቂቃ ይበቃል ባይ ነበር። እሷ ግን አሥራ አምስት ከተባለ አሥራ አምስት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ የስፌት ክፍሏን ሰዓት አምጥታ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው።

ነገ ሰኞ ነው። ከነገ ጀምሮ አራት ሕጻናት ወደ አጸደ ሕጻናት ሊያመላልስ ተስማምቷል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት መዋል አላስቀምጥ ብሎት የከረመ ሰው፣ ሥራውን ያገኘ ቀን እያፏጨ ነው የገባው። ርእሰ መምህሯ ግን መኪናዋን ልታይ ገብታ መሪውን ነካ ብታደርገው፣ የተላጠው ጥቁር ቆዳ መዳፏ ላይ ተጣብቆ ቀረ። እጇን እያራገፈች፣ በዚህ መሪ ልጆች አላስጭንም አለች።

አዲሱ መሪ ትናንት ተገዝቶ መጣ። ሚስቱ ጋራዥ ይግጠሙት ብትለው፣ ሠላሳ ዓመት መሪ ይዤ መሪ ማሰር ያቅተኛል ወይ ብሎ ተቆጣ።

እሷም መንጃ ፈቃድ አላት። አንድ ጊዜ የግቢውን በር ስለ ጫረች ግን እሱ ባለበት አትነዳም። ጭረቱን ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ይሄ የባለቤቴ ፊርማ ነው" እያለ ያሳያል። እሱ በማይኖርበት ቀን ጨርቅ የምታመጣው ራሷ እየነዳች ነው። ስትመለስ ወንበሩን ወደ ነበረበት ትገፋዋለች። እሱ ያውቃል፤ የሚያውቅ ግን አይመስልም።

ሰዓቱ ደረሰ። ሹፌሩ ቀጭን ብረት ከመሪው ጀርባ አስገብቶ ገፋ ሲያደርግ ኤርባጉ ቀጭ ብሎ ወጣ። እሷ ሶኬቱን ነቅላ፣ እንደ ሕጻን በሁለት እጇ ታቅፋ በረንዳው ላይ በጀርባው አስተኛችው። ከዚያ የልብስ ጠመኔዋን አውጥታ ከመሪው እስከ ዘንጉ አንድ መስመር አሰመረች።

"ሱሪ ልትሰፊለት ነው?" አላት።

"መስመር የሌለው ስፌት ይጣመማል።"

ሹፌሩ መፍቻውን በቀኝ እጁ ይዞ የመሐሉን ብሎን ሞከረ። መፍቻው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። አነሳና ወደ ግራ እጁ አዛወረው። ዝጓል አለ። ሚስቱ ጎንበስ ብላ አየች፤ ብሎኑ እንደ አዲስ መርፌ ያብረቀርቃል።

ተነስ አለችው። በሁለት እጇ ተጭና ፈታችው። መሪው ተስፈንጥሮ አፍንጫዋን እንዳይመታት ብሎኑን ጫፉ ላይ አስቀርታ ሳበች፤ ለቀቀ። ከዚያ ብሎኑን ጨርሳ አወጣችና መሪውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ልብስ ሰፊ ናት። ሰው ያረጀ ልብስ ሲያመጣላት ባለቤቱ ሳይናገር ጨርቁ ይነግራታል፤ ቦርሳ የሚሸከመውን ትከሻ፣ የሚንበረከከውን ጉልበት ከጨርቁ አይታ ታውቃለች። መሪውንም እንደዚያው አገላብጣ አየችው። ግራው በኩል ተልጦ ስፖንጁ ወጥቷል፤ ላብ ገና ያወዛዋል። ቀኙም ድሮ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን አቧራ ተኝቷል። በጣቷ ብትጠርገው ወፍራም ነው። እዚያ ላይ ወራት ሙሉ እጅ አላረፈም።

ሸሚዙን ሳይቆልፍ ሲወጣ ሞቆት ነው ስትል ነበር። ብርጭቆ በግራው ሲያነሳ ልብ አላለችም።

"ቀኝ እጅህን አምጣ።"

"መዳፍ ማንበብ ጀመርሽ ደግሞ?"

"ያዘኝ። ጠበቅ አድርገህ።"

ያዛት። ጨርቅ የጣሉባት ያህል እንጂ ሰው የያዛት አልመሰላትም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ወደ ግቢው በር ዞረ። "ክረምቱ ሲገባ። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ያልፋል ብዬ ነው።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ቁልፉን ትወስጂብኛለሽ።"

"እወስድብሃለሁ።"

ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ የእሱ ግን ቶሎ ጠፋ። ከሚያመላልሳቸው ልጆች ትንሿ፣ ቤቷን ሊያይ የሄደ ቀን "ሹፌር አባባ" እንዳለችው፣ ይህንንም ለማንም እንዳልተናገረ ነገራት። እሷ አዲሱን መሪ ከካርቶኑ አወጣች።

እሱ እየመራት እሷ አሰረችው፤ መስመሩ በመስመሩ ላይ ገጠመ። ኤርባጉ ቦታው ገባ፣ የባትሪው ገመድ ታሰረ። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያስነሳት የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ በርተው ጠፉ፤ በርቶ የቀረ የለም። ሁለት እጁን አዲሱ መሪ ላይ አሳረፈ። ግራው ጨበጠ። ቀኙ ትንሽ ቆየና እየተንሸራተተ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። እንግዳ ፊት ያሳፈረውን ልጅ እንደሚያይ አባት አየው።

አጠፋት። ወርዶ በፊት ለፊት ዞረና በሌላው በር ገብቶ ተቀመጠ።

"ልጆቹ ስንት ሰዓት ነው የሚጫኑት?" አለ፣ ከእሷ ይልቅ እሱ እያወቀው።

"አንድ ሰዓት ተኩል።"

"እነሱን እንዳደረስን ሐኪም ቤቱ ይከፈታል።"

እሺ አለችው። ለርእሰ መምህሯ ደውላ የምትነዳው እሷ መሆኗን፣ ምክንያቱንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ሴትየዋ መንጃ ፈቃዱን ጠዋት አሳዪኝ አለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች። እግሯ ስላልደረሰ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችው።

"ሌላ ፊርማ እንዳታስቀምጪ" አላት የግቢውን በር ስትወጣ።

የልጆቹን ቤት በየተራ አሳይቷት ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መኪናዋን ቦታዋ አቆመች። እጇ በልማድ ወደ ወንበሩ መግፊያ ሄደ። ሹፌሩ ዓይኑን ወደ ውጭ አዞረላት።

ወንበሩን እንዳለ ትታው ወረደች።