ልብስ ሰፊዋ ሐይቁን የተሻገረች ዕለት

በሰፈሯ «መቀስ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው ነው፤ ጨርቅ ስትቆርጥም ሆነ ወሬ ስታሳጥር አታመነታም ለማለት። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች፣ የረዘመ ሱሪ እያሳጠረች፣ የጠበበ ቀሚስ እያሰፋች ነው። ታላቁ ወንድ ልጇ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ታናሿ ሴት ልጇ ነርስ ናት። ሁለቱም ራሳቸውን ችለው ከቤት ከወጡ በኋላ እንኳ እሷ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ አልተወችም፤ ጉልበቷ በቃኝ እስኪላት ድረስ።

ጉልበቷ ሲያብጥ ሐኪሙ ውሃ ውስጥ እንድትንቀሳቀስ መከራት። ነርሷ ምክሩን ከሰማች አላሳደረችውም፤ እናቷን እጇን ይዛ ወደ ከተማው መዋኛ ገንዳ ወሰደቻት። የገበያው የዋና ልብስ አንዱም ዓይኗን ስላልሞላው መቀስ የራሷን ሰፋች። እጅጌው እስከ ክርን፣ ቁምጣው ከጉልበት በታች፣ ስፌቱ ድርብ።

«ይሄን ለብሼ ብሰምጥ እንኳ ተሸፋፍኜ ነው የምሰምጠው» አለች ለልጇ።

መጀመሪያ ሰሞን የገንዳውን ጠርዝ እንደያዘች ወዲያ ወዲህ ስትል ከረመች። ከዚያ ጠርዙን ለቀቀች። ከዚያ ደግሞ የልጅ ልጆቿ ሊሆኑ በሚችሉ ጎረምሶች መካከል ገንዳውን ትመላለስበት ጀመር፤ አሠልጣኙ «እማማ፣ ልንዘጋ ነው እኮ» ካላላት አትወጣም። ይህን ከነርሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሹፌሩ ልጇ እናቱ ለጉልበቷ ብላ ውሃ ውስጥ ትቀመጣለች ብሎ ነው የሚያስበው። እሷም አላረመችው። በልቧ የያዘችው ነገር ነበራ።

የተወለደችው ከአንድ ትንሽ ሐይቅ ዳር ነው። በካርታ ላይ ይኑር አይኑር እንጃ፤ ከዚህ ዳር የጮኸ ሰው ከማዶ ድምፁ ይሰማል፣ ያለውን ግን ለይቶ የሚሰማ የለም፣ ስፋቱ ያን ያህል ነው። ውሃው ጣፋጭ ነው፤ ሰውም ከብትም ይጠጣዋል። ታላቅ ወንድሟ ገና ጢሙ ሳያቀነቅን ሐይቁን በዋና ተሻግሮ ማዶ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ወጥቷል። ያን ለት እሷ ከዚህኛው ዳር ቆማ ልብሱን ይዛለት ነበር። እኔም ልሞክር ስትል አባቷ «አንቺ ውሃ ቅጂ» አላት፣ ነገሩም በዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲያ በአገሩ ሁሉ የሷ ስም «የዋናተኛው እህት» ሆኖ ቀረ። አልተቀየመችም፤ ወንድሟን ትወደዋለች። ሾላውን ግን አልረሳችውም።

አንድ የዕረፍት ቀን ሹፌሩ ከጓደኛው መኪና ተዋሰና እናቱንና እህቱን ይዞ ያን ዋናተኛ አጎቱን ሊጠይቅ ወደ ሐይቁ ወጣ። ከከተማው እንደራቁ መንገዱ በበቆሎ ማሳ መካከል እየተጠማዘዘ ወረደ። ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ የጠራበት ወቅት ነበር፤ የጉብታዎቹ ሣር ገና እርጥብ ነው፣ የሽንብራው አበባ ብቅ ብሏል፣ በየአጥሩ ሥር ዱባው ሐረጉን ጥሏል። መጨረሻው ጉብታ ላይ ሲደርሱ ሐይቁ ከታች ወለል አለ። መቀስ «አቁም» አለች፣ ልጇም አቆመ። ወርዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። ልጇ እናቴን ትዝታ ያዛት ብሎ አሰበ። እሷ ግን ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እያየች ነበር።

ወንድሟ ዓሣ አጥማጅ ነው። አሁን ወገቡ ቢጎብጥም በራሱ ጀልባ ውሎ ይገባል፣ ነገር ማሳመሩንም አልተወም። የተጠበሰ ዓሣና ትኩስ ዳቦ አቀረበላቸው። ልጆቹ በሉ። መቀስ ጥቂት ቀመሰችና ሳህኗን ገፋች።

«ምነው፣ ዓሣዬ አልጣፈጠሽም?» አላት ወንድሟ።

«ሆድ ከሞላ አይዋኝም» አለችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን ተነስታ ጓዳ ገባች፣ ስትወጣም ያን የሰፋችውን ለብሳ ነው። ወንድሟ ከእግር እስከ ራሷ ተመለከታትና፣ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት የሌሊት ልብስ ነው?» አለ።

«ጋሼ፣ ጀልባህን አውጣና አጅበኝ። ሾላው ድረስ ልሻገር ነው።»

ሹፌሩ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። «እማዬ፣ ምን ነካሽ? በዚህ ጉልበትሽ?»

«በጉልበቴ የምራመድ መሰለህ? ገንዳው ውስጥም ውሃ ነው እኮ የሚሸከመኝ።»

«ሐይቅ እንደ ገንዳ አይምሰልሽ» አለ ወንድሟ፤ አሁን ሳቁ ጠፍቷል። «ሐይቅ የምትይዢው ጠርዝ የለውም።»

«ጠርዝማ አለው። ያውና፣ ማዶ።»

ሹፌሩ ወደ እህቱ ዞረ፤ አንቺ ነርስ ነሽ፣ አንድ ነገር በያት ለማለት። ነርሷን ፎጣና ብርድ ልብስ በቦርሳ ስታጭቅ አገኛት። «አንተ አላየሃትም፣ እኔ አይቻታለሁ» አለችው። «ይልቅ ተነስ፣ ጀልባው ውስጥ ግባ።»

ሹፌሩ ዋና አይችልም። ጀልባም ላይ ወጥቶ አያውቅም። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ቅንድቡ የማይነቃነቅ ሰው፣ ጀልባዋ ውስጥ ሲገባ ግራና ቀኟን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ቢሆንም ከእህቱ ጎን ተቀመጠ። እናቱ ውሃ ላይ ሳለች እሱ ዳር ቆሞ ሊጠብቅ አልቻለም።

መቀስ በቄጠማው መካከል እየተራመደች ውሃው ደረቷ ሲደርስ ራሷን ለቀቀች። ቅዝቃዜው ትንፋሿን ቆረጠባት። ገንዳው ውስጥ ከሥር የሚመራ ሰማያዊ መስመር ነበር፤ እዚህ ከሥሯ ያለው አረንጓዴ ጨለማ ብቻ ነው፣ የሚሸተውም ጭቃና ቅጠል። ግን እጇ ሥራውን ያውቃል። ሳብ፣ ግፋ፣ ተንፍስ። እንደ ስፌት ነው፤ አንዴ መስመሩ ከገባልህ መኪናው ራሱ ይሄዳል። ወንድሟ ከጎኗ በዝግታ ይቀዝፋል። መጀመሪያ ላይ «ቀስ»፣ «እንዳትቸኩይ» ይላት ነበር። ቆይቶ ምክሩ አለቀበትና ያያት ጀመር።

«ይሄን ሁሉ ገንዳ ውስጥ ነው የተማረችው?» አለ በመጨረሻ ለነርሷ፣ በሹክሹክታ።

መሐሉን እንዳለፉ ነፋሱ ተነሳ። ትልቅ አይደለም፣ ግን ውሃው መሸብሸብ ጀመረና አንዱ ሞገድ ልትተነፍስ አፏን ስትከፍት ፊቷን መታት። ውሃ ዋጠች። ስታስል እግሯን ያለ ልክ ወረወረችውና ያ የታመመው ጉልበቷ እንደ ድንጋይ ደርቆ ቀረ። ሕመሙ እስከ ጭኗ ወጣ። ወንድሟ ወዲያው መቅዘፊያውን ዘረጋላት።

«ያዢ። እስካሁን የዋኘሽውም ለወሬ ይበቃል።»

«ለወሬ አልመጣሁም» አለች እያሳለች። መቅዘፊያውን አልያዘችም። በጀርባዋ ተገልብጣ እጆቿን ዘረጋችና ውሃው ላይ ተኛች። ከላይ ሰማዩ አለ፣ ጆሮዋ ውስጥ የውሃው ድምፅ። ፍርሃት መጥቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። አሠልጣኙ የነገራትን አሰበች፤ ውሃን የታገለ ይሰምጣል፣ ያመነ ይንሳፈፋል። እግሯን ቀስ ብላ ዘረጋች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች። ጉልበቷ በጥቂቱ ለቀቀ።

ወንድሟ መቅዘፊያውን እንደዘረጋ ነበር። ሹፌሩ እጁን ከጀልባዋ ጠርዝ አላቀቀና የአጎቱን ክንድ ያዘ። ለምን እንዳደረገው ኋላ ሲጠየቅ ራሱም በደንብ ማስረዳት አልቻለም፤ የእናቴን ፊት አየሁ ነው ያለው።

«ይተዉአት አጎቴ» አለ። «መቅዘፊያውን ይመልሱት።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እማዬ፣ ነፋሱ ወደ ግራ እየገፋሽ ነው። ስትገለበጪ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዢ። ሾላው ፊት ለፊትሽ ነው።»

ተገለበጠች። ወደ ቀኝ ያዘች። ከዚያ በኋላ ልጇ መንገድ መምራቱን አላቆመም፤ «ቀኝ»፣ «በቃ ቀጥ በይ»፣ «ሞገድ እየመጣ ነው፣ አሳልፊው»፣ ልክ ጠባብ መንገድ ላይ ለሌላ ሹፌር እንደሚያሳይ። በአንድ እግሯ እየገፋች፣ በሁለት እጇ እየሳበች፣ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጎተተች ሄደች። የሾላው ጥላ ውሃው ላይ ካረፈበት ስትደርስ ጣቷ ጭቃ ነካ።

ወንድሟ ከነሱሪው ዘሎ ገባና እጁን ዘረጋላት።

«ቆይ ጋሼ፣ ራሴ ልቁም።»

ቆመች። ውሃው ከእጅጌዋ እየተንጠባጠበ፣ ቄጠማ ትከሻዋ ላይ ተጣብቆ፣ እያነከሰች ወጥታ የሾላውን ግንድ በመዳፏ ነካችው። ከዚያ ቁጭ አለች። ነርሷ ብርድ ልብሱን ስታለብሳት ሁለቱም ይስቁ ነበር፣ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። ሹፌሩ ጫማውን በእጁ ይዞ አጠገባቸው ቆመ። ጎንበስ ብሎም እናቱን ግንባሯ ላይ ሳማት።

ከሾላው ሥር ከብቶቹን ውሃ የሚያጠጣ አንድ ገበሬ ነበር። ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ ጠጋ አለና፣ «ምነው፣ ጀልባ ተገለበጠባችሁ?» አለ።

«አልተገለበጠም» አለ ዓሣ አጥማጁ። ወገቡ የቀና እስኪመስል ደረቱን ነፋ። «በዋና ነው የተሻገረችው። ከዚያ ማዶ። እህቴ ናት።»

መቀስ ቀና ብላ አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ እሷ ነበረች የሱ እህት። ዛሬ እሱ የሷ ወንድም ሆኖ ቆመ፣ ደስታውም ከራሱ አልፎ ሱሪው ላይ እንዳለው ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።

ነፋሱ ስለበረታ ጀልባዋን ሾላው ላይ አሠሯትና ገበሬው በጋሪው ሐይቁን ዞሮ ሊያደርሳቸው ተስማማ። መንገዱ በዳሩ በዳሩ፣ በበቆሎና በሽንብራ ማሳ መካከል ያልፋል። መቀስ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ከፊት ተቀመጠች። ባገኙት ደጅ ሁሉ ዓሣ አጥማጁ ጋሪውን ያስቆማል፤ ይተርካል። በመጀመሪያው ደጅ የነበረው ነፋስ በሁለተኛው ዐውሎ ሆነ። በሦስተኛው ሞገዱ የጀልባዋን ከፍታ አለፈ።

«ጋሼ፣ ያን ያህል እኮ አልነበረም» አለችው።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አላት። «አንቺ ውሃ ውስጥ ነበርሽ፤ ያየሁት እኔ ነኝ።»

ነርሷ በሳቅ ፈረሰች። መቀስ ልታርመው አፏን ከፈተችና ተወችው። እንዲያ ወሬ በማሳጠር የታወቀች ሴት፣ ዛሬ ቢረዝምም አልከፋትም።

ወደ ቤቱ ሲቃረቡ አንዲት አሮጊት ከአጥራቸው ሥር ቆመው ማን እንደሆኑ ለማየት እጃቸውን ዓይናቸው ላይ ጋረዱ። ዓሣ አጥማጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ሳይጀምር ግን ሹፌሩ ከጋሪው ዘሎ ወረደ፤ አሮጊቷን አጎንብሶ እጅ ነሣቸውና እጁን ወደ ሐይቁ ዘርግቶ፣ ከመጀመሪያው ከጉልበቷ ሕመም ጀምሮ፣ አንድም ሳይቀንስ አንድም ሳይጨምር፣ የእናቱን ነገር ይነግራቸው ጀመር።