ለወንድም የሚሰጥ ቦሎ

እሁድ፣ ማርች 29 ቀን 2009፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ፒክአፔን የእህቴ ጋራዥ በር ላይ አቆምኩ። ደቂቃው ያልጠፋኝ፣ አርዲት በሩን ስትከፍትልኝ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አይታ፣ «ሃያ ደቂቃ አርፍደሃል፤ ደብዳቤም እንዲህ ነው የምታደርሰው?» ስላለችኝ ነው።

አርዲት በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። በመንደራችን ለመኪና ዓመታዊ ቦሎ የመስጠት ፈቃድ የነበራት እሷ ብቻ ነበረች። እሁድ ለማንም አትከፍትም፤ ለእኔ የከፈተችው ጭንቀቴን ስለምታውቅ ነው። የገጠር ፖስታ የማደርሰው በራሴ መኪና ነው፣ ቦሎዬ ደግሞ ማክሰኞ ያበቃል። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ረቡዕ ጠዋት ያለ ቦሎ ከመጣሁ መስመሬን ለኤልዊን እንደምትሰጠው ቁርጡን ነግራኛለች። ኤልዊን እኔ ስቀር የሚተካኝ ሰው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ባስነጠስኩ ቁጥር «አሞሃል እንዴ?» እያለ በተስፋ የኖረ።

መስመሬ በየቤቱ ደጃፍ የቆመ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የፖስታ ሳጥን ነው። በዚያ ወር አንዳንዱን ሳጥን ስከፍት ለእኔ የተቀመጠ፣ ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳ ጣፋጭ ሽሮፕ በጠርሙስ አገኛለሁ። ሌላ ሥራ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግሁም።

ፒክአፗ ማንሻው ላይ ወጣች። አርዲት ከሥሯ ገባችና ባትሪዋን አበራች። አፏን በእጇ ይዛ መሳቅ ጀመረች።

«ምን ያስቅሻል?»

«እንዴት ታምራለች! ሙሽራ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?»

ከሻንሲው እስከ ፍሬን ቱቦው ድረስ ሁሉም ነገር ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ሦስት ጣሳ ወፍራም ጥቁር ቀለም ረጭቼባት ነበር።

«የዝገት መከላከያ ነው» አልኩ።

«መቼ ቀባሃት?»

«ኦክቶበር ላይ።»

ጣቷን ሻንሲው ላይ ጫን አድርጋ አሳየችኝ። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«የእናቴ ልጅ፣» አለች፣ «የትኛው ኦክቶበር?»

እኛ ቨርሞንት ውስጥ ኦክቶበር ሲመጣ ሰው ሁሉ የመኪናውን ሥር ዘይት ይረጫል። ከዚያ ያልተነጠፈ ደረቅ መንገድ ፈልጎ ጥቂት ማይል ይነዳል። አቧራው ዘይቱ ላይ ይጣበቅና ቅርፊት ይሠራል፤ በረዶ ሲጥል ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ብረቱን በቀላሉ አያገኘውም። እኔ ሦስት ኦክቶበር ዘልዬ ነበር። አንዱን የአጋዘን አደን አለ ብዬ፣ ሁለቱን በስንፍና። አርዲት በየዓመቱ «ቀባሃት?» ትለኛለች፤ «ቀባኋት» እላታለሁ። ወፍራም ቀለም በዝገት ላይ ሲደረብ ደግሞ ጨውና እርጥበቱን ከውስጥ ቆልፎ ብረቱን ያስበላዋል። ይህን በመንደራችን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ።

ከኪሷ ብረቱ ጤነኛ መሆኑን በድምፁ የምትለይበትን ትንሽ መዶሻ አወጣች። «እንካ፣ አንተ ምታት።»

«ፈቃዱ ያለሽ አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ በሙሽራ ላይ እጄን አላነሳም።»

መታሁ። ኪን አለ። ትንሽ ፈቀቅ ብዬ መታሁ። ኪን። በግራ በኩል ወደ ኋላ፣ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ጋ ስደርስ ግን ድምፁ የዱባ ሆነ። ደገምኩት፤ መዶሻው ገብቶ ቀረ። የዝገት ቅርፊት ፊቴ ላይ ዘነበ።

«ኤልዊን ጋ አንተ ትደውላለህ ወይስ እኔ ልደውል?» አለች።

«እትዬ፣ በናትሽ። ወንድምሽ አይደለሁም?»

«ነህ እንጂ። ሌላ ሰው ብትሆን ይሄኔ ‹ወድቋል› ብዬ ጽፌ ቁርሴን እበላ ነበር።»

ከዚያ የፍሬን ቱቦውን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አደረገችው። እንደ ደረቀ ጭራሮ ተሰበረ፤ የፍሬን ዘይት በክንዷ ላይ ወረደ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ይህን ይዘህ ነው መስመርህ ላይ ያለውን ቁልቁለት በጭቃ የምትወርደው?»

ጨርቅ ፈልጌ አቀበልኳት።

ሰኞንና ማክሰኞን ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፤ ከዚያ ሌላ የቀረኝ ፈቃድ አልነበረም። ኤልዊን መስመሩን ሲረከበኝ እጄን ሁለት ጊዜ ጨበጠኝ። ሁለቱን ቀን ከእህቴ ጋር ፒክአፗ ሥር ዋልን፤ እኔ በፍቅፋቂ ያንን ጥቁር ቀለም ስልጥ፣ እሷ በሽቦ ብሩሽ ከኋላዬ ስትከተል።

«ቀስ በል፣ ኩሏን ታበላሽባታለህ።»

«በቃ አርዲት፣ ገባኝ።»

«ምኑ ገባህ? ገና ከንፈሯ ጋ አልደረስንም።»

አሁን እሷን ሳስብ ከፊቷ ይልቅ እጆቿ ናቸው የሚመጡብኝ። አዲሱን የፍሬን ቱቦ በሻንሲው ልክ ስታጣጥፍ ሜትር አልያዘችም። አንዴ በዓይኗ ትለካለች፣ በአውራ ጣቷ ገፋ ታደርገዋለች፤ ቦታው ላይ ስታስገባው እዚያው የተወለደ ይመስላል። ቱታዋ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ዶናት አለ። አንጋላ እየበላች ፍርፋሪውን እኔ ላይ ታራግፋለች።

ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ በግራ በኩል ያለውን ላሜራ በይዳ ጨረሰች። ቱቦዎቹም ተቀየሩ። ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ለማስወጣት እኔ ፍሬን ልረግጥ ጋቢና ገባሁ።

«ርገጥ!»

«ረግጫለሁ!»

«ያዝ!»

«ይዣለሁ!»

«እንዳትለቅ፣ ፔዳሉን ኤልዊን ይወስድብሃል!»

እንዲህ እያሾፈችብኝ አራቱንም ጎማ ጨረስን። ከዚያ መነጽሯን አወለቀችና መዶሻውን ሰጠችኝ። «ቀኙን ጎን አንተ እየው። እኔ ልታጠብና ወረቀቱን ልሙላ። ደህና ነው ካልከኝ እፈርማለሁ።»

ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች።

ብቻዬን ፒክአፗ ሥር ቀረሁ። ከፊት ጀመርኩ። ኪን፣ ኪን፣ ኪን። ከኋላው ጎማ ፊት ስደርስ ድምፁ ሞተ። ቀስ ብዬ ደገምኩት፤ ያው ነው። መዶሻው አልገባም፣ ጠንከር ባደርገው ግን እንደሚገባ እጄ ነግሮኛል። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ሆኗል። አንድ ዓመት ትቆያለች አልኩ ለራሴ። ግራው እኮ ተበይዷል፣ ፍሬኑ አዲስ ነው። ኤልዊን ሳጥኖቼን እያፏጨ ሲከፍት ታየኝ። ከቢሮው የውሃ ድምፅ ይሰማኛል፤ አርዲት እጇን ስትታጠብ ረጅም ጊዜ ትወስዳለች። ውሃው ሲቆም እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

«አርዲት!»

«ጨረስክ?»

«በስብሷል።»

«የት ጋ?»

«በቀኝ፣ ከኋላ ጎማው ፊት።»

በሩ ተከፈተ። አርዲት በብብቷ የተቆረጠ ላሜራ ይዛ ወጣች፤ ጠርዙ ተሞርዶ፣ መበየድ ብቻ የቀረው።

«እሁድ አንተ ዶናት ልትገዛ ስትሄድ ነው የቆረጥኩት» አለች። «ሁለቱንም አንድ ላይ።»

«ታውቂ ነበር ማለት ነው?»

«መትቼ ሰማሁታ፤ የእኔ ጆሮ ምን ሆነና?»

«ባልነግርሽስ ኖሮ?»

የብየዳ መነጽሯን አንስታ በቱታዋ ጠረገችው። ጠርጋ እስክትጨርስ ቆምኩ።

«አልፈርምልህም ነበር። መስመሩም ለኤልዊን ይሄድ ነበር፤ እሱ ቢያንስ በየኦክቶበሩ ይቀባል። አንተን ደግሞ እስከ ገና አላናግርህም ነበር።» ከዚያ መነጽሯን አጠለቀች። «ዞር በል እንግዲህ፣ ብርሃኑን ከለከልከኝ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቦሎውን መስታወቱ ላይ ለጠፈችልኝና፣ «ጥፋ ከፊቴ፣ ርቦኛል» አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ፖስታ ቤት ስደርስ ኤልዊን በመኪናዋ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ተዟዟረ። ቦሎውን አየ፤ ቀኑን አነበበ። «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ፤ ድምፁ ግን የለቅሶ ቤት ነበር።

በመስመሩ ላይ አምስት ዓመት ተጨማሪ ሠራሁ። አርዲት በሦስተኛው ዓመት፣ ኖቬምበር ላይ ሞተች። ጋራዡን የገዛው ሰው አሁን ጎማ ብቻ ነው የሚሸጥበት፤ ለቦሎ አሥራ አራት ማይል እንሄዳለን።