የመለማመጃው ቤት በር

በሽተኞቼ ያወጡልኝ ስም «ቀስ በሉ» ነው። ጠዋት ወደ አዳራሹ ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ ማታ እስክወጣ ድረስ ከአፌ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። የሚገርመው፣ እኔ ራሴ ቀስ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ወረፋ ላይ ቆሜ ከሰው የምጣላ፣ ሊፍት ሲዘገይብኝ ቁልፉን በቡጢ የምነርት ሴት ነኝ። ሥራዬ ግን አንጎላቸው ተጎድቶ ቁጣቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን ሰዎች ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ማሠልጠን ነው። እነሱ የሚኖሩት እዚሁ የማገገሚያ ማዕከሉ ግቢ ውስጥ ነው፤ እኔም ከቤቴ ይልቅ እዚህ ነው የምኖረው ማለት ይቻላል።

ያን ቀን ተራው የሾፌሩ ነበር። ሾፌሩ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አውቶቡሱ ሲገለበጥ ግንባሩን ተመታ። እጅና እግሩ ተረፉለት፤ ቁጣው ግን ልጓሙን በጠሰ። ራሱ ሲያስረዳ፣ «ሞተሩ ደህና ነው፤ ፍሬኑ ነው የተበላሸው» ይላል። እኛ ዘንድ ሲመጣ ወንበር እየወረወረ ነበር። ስንት ለፍተን አንድ ነገር አስተማርነው። ደሙ ሲፈላ የያዘውን ማስቀመጥ፣ ከክፍሉ መውጣት፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ ዞሮ መመለስ፣ በሩን ማንኳኳት። በቃ። ስለዚህ ሾፌሩ ተቆጥቶ ሲነሳ በግቢያችን ማንም በር ላይ አይቆምም። ጽዳቷም፣ ጥበቃውም፣ ዋና ሐኪሙም ሳይቀር ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ።

ፈተናው የሚደረገው «የመለማመጃ ቤት» በምንለው ክፍል ነበር። እውነተኛ ምድጃ፣ እውነተኛ ቢላዋ፣ ሲቀመጡበት የሚንቋቋ ወንበር ያለው ክፍል ነው። ሾፌሩና ሚስቱ ቁርስ ሠርተው ይበላሉ፤ እኔና ዋና ሐኪሙ ጥግ ተቀምጠን እናያለን። ካለፈ ከሚስቱ ጋር ቤቱ ይገባል። ከወደቀ በማግስቱ መኪና መጥቶ በሩ ሁሌ ተቆልፎ ወደሚውለው ዝግ ቤት ይወስደዋል። እዚያ ሲገባ እንጂ ሲወጣ ያየነው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ለሾፌሩም ሆነ ለሚስቱ አንድ ቃል ከተነፈስኩ እንደ ወደቀ ይቆጠርበታል።

«እሱ ቤቱ ሲገባ አንቺ አብረሽው አትገቢም» አለኝ ዋና ሐኪሙ። እውነቱን ነው፤ ቢሆንም አናደደኝ።

ሚስቱን ከመግባቷ በፊት ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት።

«እህቴ፣ ያልኩሽን አትርሺ። ሲቆጣ በሩን ልቀቂለት።»

«ገብቶኛል እኮ። ስንቴ ትነግሪኛለሽ?»

«ቢጮህም?»

«ቢጮህም እለቃለሁ አልኩሽ!»

እጆቿ ግን ቦርሳዋን ጨምድደው ይዘው ነበር። አንጀቴን በላችው።

መጀመሪያ ሁሉም ሰላም ነበር። ሾፌሩ ማንቆርቆሪያውን ጣደ፤ ሚስቱ ዳቦ ቆረጠች። እንቁላል ሲሰብር ቅርፊቱ አብሮ መጥበሻው ውስጥ ገባ። «ቅርፊቱ ለዶክተሩ ነው፤ አጥንት ያጠነክራል» ብሎ ሲቀልድ ዋና ሐኪሙ ፈገግ አለ። እኔም ትንፋሼን መለስ አደረግሁ። ቸኩዬ ነበር።

መጥበሻው መጨስ ጀመረ። ሾፌሩ በዚያች ሰዓት ሻይ ሊቀዳ የፈላውን ማንቆርቆሪያ አንስቶ ነበር።

«ዘይቱ ተቃጠለ! አጥፋው! ኧረ አጥፋው!» አለች ሚስቱ። ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ሲደረብበት ለሾፌሩ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። እንደምንም በሌላ እጁ እሳቱን አጠፋው። እዚያ ላይ ብትተወው ምን ነበረበት። «በቃ አንተ ተቀመጥ፣ እኔ ልሥራው» አለችው።

የአንገቱ ሥር ተገተረ። «ተይኝ!» ሲል የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። ልቤ በደስታ ዘለለች፤ ያስተማርነውን እያደረገ ነው! ማንቆርቆሪያውን ማስቀመጥ ብቻ ነው የረሳው። ሚስቱ ግን ቀድማው ሮጠችና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው።

ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከአደጋው በኋላ አንድ ቀን ተቆጥቶ ከቤት ሲወጣ መኪና ሊገጨው ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ከመንገድ ላይ አንስቶ ያመጣላት ፖሊስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ወጣ ማለት ሞተ ማለት ነው። ኮሪደር ላይ ያልኳት ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፍቷል።

«አትወጣም!»

«በሩን!»

«ሬሳዬን ተራምደህ ካልሆነ አትወጣም!»

ወይ ፍንክች። ማንቆርቆሪያው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የፈላው ውሃ እየተንጠባጠበ ጫማዋ ፊት ወለሉ ላይ ይጨሳል። እኔ ምላሴን ነክሼ ይዣለሁ። በሩን ልቀቂ ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ብናገር እሱ ነገ ዝግ ቤት ነው። ዝም ብል፣ ውሃው ፊቷ ላይ ቢደፋ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን ይቅር አልልም። 

ዋና ሐኪሙ እጁን ወደ ማንቂያው ደወል ሰደደ። ደወሉ ከተነካ ጥበቃዎች ገብተው መሬት ላይ ይጥሉታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። እኔ እንዳልናገር ነው እንጂ የተከለከልኩት፣ ዋና ሐኪሙን እንዳልይዝ ማንም አልከለከለኝም። የጋውኑን እጅጌ ጨምድጄ ያዝኩት። አፈጠጠብኝ። እኔም አፈጠጥኩበት። አለቃዬ መሆኑ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ሾፌሩ ዝቅ ብሎ ማንቆርቆሪያውን አየ። ሳያውቅ ሌላ ሰው እጁ ላይ ያስቀመጠበት ይመስል ትክ ብሎ አየው። ዞረና ቀስ አድርጎ ምድጃው ላይ መለሰው። እንደገና ወደ በሩ ተመለከተ፤ ሚስቱ እንደቆመች ናት። ጡጫውን ጨብጦ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘው።

መስኮቱን ከፈተ።

አንድ እግሩን አሻገረ። ያ ግዙፍ ሰውዬ ሆዱ ጠርዙ ላይ ተይዞበት ጥቂት ታገለና ውጭ ሣሩ ላይ ዘፍ አለ። ክፍሉ ከመሬት እኩል ስለሆነ የሚጎዳ ነገር አልነበረም፤ ሚስቱ ግን ጮኸች። እኔ ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡብኝ። ወደ ዛፉ ሲሄድ በመስኮቱ አየነው። ዞረው። የሱሪውን ሣር እያራገፈ ተመለሰና ከዓይናችን ተሰወረ። ቀጥሎ ኮቴው ኮሪደሩ ላይ ተሰማ፤ በሩም ተንኳኳ።

«ልግባ?» አለ። ድምፁ ረግቦ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«በመስኮት ነው የወጣው» አለ ዋና ሐኪሙ እጅጌውን እያስተካከለ። «ይሄ እኮ ማምለጥ ነው የሚባለው።»

ፈተናው አልቋልና አፌን ከፈትኩ። «ያመለጠ ሰው አንኳኩቶ ይመለሳል እንዴ ዶክተር? አስቀመጠ፣ ወጣ፣ ዞረ፣ አንኳኳ! ምን ቀረው? በር የነሳነው እኛ ነን!» እየጮህኩ እንደነበር የገባኝ ዋና ሐኪሙ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ቀስ በይ!» ሲለኝ ነው።

ከዚያ ወደ ሾፌሩ ሚስት ዞረ። «በእኔ በኩል አልፏል። አብረውት የሚኖሩት ግን እርስዎ ነዎት። ይወስዱታል?»

እሷ በሩን ከፈተች፤ እዚያው መሐል ላይ ግን እንደቆመች ቀረች። ሾፌሩ ጸጉሩ ላይ ቅጠል ተሰክቶበት ፊት ለፊቷ ቆሟል። ዞራ መስኮቱን አየችና ወደ እሱ ተመለሰች።

«የኛ ቤት እኮ ሦስተኛ ፎቅ ነው» አለችው።

ሾፌሩ በትከሻዋ አሻግሮ ያንኑ መስኮት አየ።

«እንግዲያው በር ላይ አትቁሚብኝ።»

እየተንቀጠቀጠች ገለል አለችለት።